እያደር

የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
መጋረጃ አውርጄ የምውለው፣ ታች ያለው ሰው እንዳያይ፣
ኪራዩ በስሜ አይደለም፤
ስሜም በስሜ አይደለም።
ወረቀቱ ላይ ወይንሸት ተብያለሁ፤
አስካለን ሻንጣ ውስጥ አጥፌ አስቀምጫለሁ።
ልጄን ደግሞ "ሚኪ" አሉት፤ ሦስት ቀን አለቀሰ፤
በአራተኛው ስጠራው "አቤት" አለኝ፣ ዕንባውን አበሰ።
ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አንዳች ነገር ውስጤ ፈረሰ።

ያየሁት ይኸው ነው፤ አልጨመርኩ፣ አልቀነስኩ፦
ቱሉ ዲምቱ ጥግ፣ ብሎኬት ማምረቻው ግቢ አምሽቼ ነበርኩ።
ብሎኬት እንደ ሕፃን ነው፤ ውሃ ይፈልጋል፤
ሰባት ቀን ካልጠጣ እጅ ላይ ይፈረፈራል።
የውሃ ጎማ ይዤ ሳጠጣ፣
መብራቱን ያጠፋ ነጭ ፒካፕ መጣ።
ሁለቱ ወረዱ፤ ሦስተኛው ተጎተተ፤
በአካፋ መቱት፣ በእኔው አካፋ፤ ሞተ።
ስንታየሁ ይባላል፤ የግቢው ጥበቃ፤
ሲሚንቶው በሌሊት የት እንደሚራገፍ
ለአለቆቹ ነግሮ፣ በዚያው አበቃ።

ጥበቃው ሲሞት ያየሁ፣
"ጥበቃ ይደረግላት" ተባለና፣ ጥበቃ ስር ገባሁ።

ዓቃቤ ሕጓ ደግ ናት፤ ሻይ አስመጣችልኝ፤
"አይዞሽ፣ መንግሥት አለ" አለችኝ።
ነበረም። መጋቢት ነበረ፤ ሚያዝያ ነበረ፤
ባህሩ የሚሉት ሰው፣ "ወንድሟ ነኝ" እያለ፣
ኪራይ ከፈለ፤ ዘይት አመጣ፤ አምፖል ቀየረ።
ሰኔ ሊያልቅ ሲል ግን፣ በማላውቀው ቁጥር ደወለ፤
"እህቴ፣ በጀት ተዘጋ" አለ።

የእኔ መዝገብ ክፍት ነው፤ በጀቱ ግን ተዘጋ።
ሐምሌ እስኪለቀቅ፣ ምናልባት ነሐሴ፣ ማንን ልጠጋ?
ለመሆኑ የት ነው የተጻፍኩት? አልኩት።
አፈረ። ግን አልዋሸኝም፦
"ምስክር የሚል መደብ የለም፤
ልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ነሽ፤ ከፕሪንተር ቀለም፣
ከመኪና ጎማ ዝቅ ብሎ፣
ከችግኝ ተከላ ቲሸርት ከፍ ብሎ።"
በማግስቱ አንድ ሺህ ብር ገባልኝ፤
ከሚስቱ ቴሌብር ነው፤ ስሟን አይቼ ገባኝ።

አባቴ ሰው ሲጣላ፣ "እውነትና ንጋት
እያደር ይጠራል" ይል ነበር።
እሺ፤ ይጥራ። ግን የት ነው የሚያድር?
ንጋትስ ሰማይ አለው፤ የሦስት ወር ቅድሚያ አይሉትም፤
እውነት ግን ልጅ አዝላ፣ ፍራሽ ጠቅልላ፣
በማታ ስትመጣ፣ የአዳሯን ማን ይክፈልላት?
በስንተኛው ሌሊት ነው የምትጠራው?
ሌሊቱስ በስንት ብር ነው?
ብሎኬት እንኳ ሳይጠጣ አይጠናም፤
እኔን በደረቁ ጥኚ አሉኝ።

ሐምሌ አምስት። ዝናብ። በሩ ተንኳኳ።
የአከራይ ጣት፣ የገዳይ ጣት፣ በር ላይ ድምፁ አንድ ነው።
ልጄ እርሳሱን አስቀመጠ፤ በዓይኑ ጠየቀኝ፦ ማነው?
ቴሌቪዥኑን ቀነስኩ። ትንፋሼን ቀነስኩ።
"ማነው" ከማለቴ በፊት፣ ማን እንደሆንኩ አስታወስኩ።
እትዬ ዘርትሁን ናት፤ የቤቱ ባለቤት፤ ነጠላዋ ርሷል፤
"ወንድምሽ ስልክ አያነሳም" አለች፤ "ሐምሌ እኮ ገብቷል።"
እስከ ቅዳሜ አልኳት።
ቅዳሜ ምን እንዳለ አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኳት።

ቀጠሮው ጥቅምት ዘጠኝ ነው፤ ልደታ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት።
እገኛለሁ።
እጄን አስነስተው "ስምሽ?" ሲሉኝ፣ አስካለ እላለሁ።
አካፋውን ሲያሳዩኝ አውቀዋለሁ፤
እጀታው ላይ በቀይ ቀለም፣ ፊደል ሲለማመድ
ልጄ የጻፈው ስሙ አለ፤ "ቃለአብ" ይላል፤ "ብ" ተገልብጣ።
ይህን ሁሉ እናገራለሁ።

ከየት እንደምነሳ ብቻ ነው ያላወቅሁት።